የጋሽ ደሳለኝ እምነት

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከአንድ ስብሰባ መጥታ ቦርሳዋን ጠረጴዛዬ ላይ ስትዘረግፈው የስም ካርድ በየአቅጣጫው ተበተነ። «ጋሽ ታዬ፣ ዛሬ ብቻ ሠላሳ የሙያዬን ሰዎች ተዋወቅሁ!» አለችኝ። ደስ አለኝ። እኔ በሷ ዕድሜ አንድ የሙያ ሰው ለማወቅ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ዘመኑ የደርግ ነበር። ቀራንዮ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል የጽሕፈት መኪና እጠግን ነበር። በድብቅ የሚበተን ወረቀት በበዛ ቁጥር እንደኔ ያለው ጠጋኝ ሁሉ ይጠረጠራል። ጦር ኃይሎች አጠገብ የሚሠሩት ጋሽ ደሳለኝ ደግሞ በሙያው የታወቁ ጎልማሳ ነበሩ። መለዋወጫ ፍለጋ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ከበሩ አላሳለፉኝም። ሌላ ቀን አንዲት ትንሽ መፍቻ አዋሱኝ፤ በማግስቱ ወልውዬ መለስኩላቸው። ከወራት በኋላ ወንበር ሰጡኝ። ክረምት ሲገባ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቴ በጭቃ ተለውሼ ስደርስ፣ የተጠበሰ በቆሎ ለሁለት ሰብረው ያካፍሉኝ ጀመር። ስለ ፊደልና ስለ ሪባን እናወራለን። ስለ ሰው ግን አንድም ቀን አንስተን አናውቅም፤ ያኔ ስለ ሰው ማውራት ያስፈራ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ደንበኛቸውን ላኩልኝ። የ«ለ» ቀኝ እግር የተሰበረበት መኪና ያለው ዝምተኛ መምህር ነበር። በየድኩለት፤ ፊደሉ ግን ትንሽ ጠመም ብሎ ቀረ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ አንድ ረፋድ ላይ ቀበሌ ተጠራሁ። ካድሬው ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አንድ ወረቀት ገፋልኝ። ጽሑፉን አላነበብኩትም። ዓይኔ «ለ»ዎቹ ላይ ቀረ፤ ሁሉም እግራቸው ጠመም ያለ። የኔ ብየዳ ነበር።

«ይህ የተጻፈበትን መኪና ማን ነው ያመጣልህ?»

«አላውቀውም።»

«ደሳለኝ እዚሁ አጠገባችን ነው ያለው። ሁሉንም ነግሮናል። ካንተ የምንፈልገው ስም ብቻ ነው።»

ከግድግዳው ወዲያ ሰው ሲያስል ሰማሁ። የሳቸው ይሁን የሌላ አልለየሁም። እኔን ወንበር ላይ ለማስቀመጥ ወራት የፈጀባቸው ሰው፣ በአንድ ጠዋት ሰው አሳልፈው አይሰጡም ብዬ ራሴን አበረታሁ። ወዲያው ካድሬው ሽጉጡን በጣቱ ሲያዞረው አየሁ። «ሰውየው...» ብዬ ጀመርኩ። የመምህሩ ስም ከአፌ ሊወጣ ሲል ከውጭ አንዱ «ጓድ ሊቀመንበር፣ በአስቸኳይ ይፈለጋሉ!» ብሎ ጮኸ። ካድሬው ተነሥቶ ወጣ።

ሲመለስ ትንፋሼ ተመልሶ ነበር። «ሰውየውን አላውቀውም» አልኩት። በጥፊ መታኝ፤ ደጋግሞም መታኝ። በአራተኛው ቀን ለቀቁኝ።

ጋሽ ደሳለኝ ከኔ በኋላ ተፈቱ። ልጠይቃቸው ስሄድ ፊታቸው አብጦ ነበር። በሩን ከውስጥ ቆልፈው አጠገቤ ተቀመጡና፣

«ታዬ ሁሉንም ነግሮናል አሉኝ» አሉ በሹክሹክታ። «ታዬ አይናገርም ብዬ ነው የቻልኩት።»

አንገቴን ደፋሁ። ትሕትና መሰላቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ ልጃቸው አዩኝ፤ ለሚያውቁት መሥሪያ ቤት ሁሉ «እሱን እመኑት» እያሉ አስተዋወቁኝ። መምህሩን ግን ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ጋሽ ደሳለኝ ዘንድሮ ዐረፉ። ለቅሶ ላይ ልጆቻቸው «አባታችን በሕይወቱ አንድ ሰው ብቻ አምኖ ነበር» ብለው ከፊት አስቀመጡኝ። አርባ ዓመት ሙሉ የመምህሩን ስም ልሰጥ ጥቂት እንደቀረኝ ለጋሽ ደሳለኝ ልነግራቸው በራቸው ድረስ ሄጄ ሌላ ወሬ አውርቼ ተመልሻለሁ። የምፈራው የነበረው እምነታቸውን ማጣት ነው። አሁን የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው፤ ብነግራቸው ኖሮ፣ እሳቸውም ስለ መምህሩ የሚነግሩኝ ነገር ይኖራቸው ነበር ይሆን?