ሳተላይቱን ነቅፌ የታሰርሁ ጊዜ

ያን ለት ጠዋት ጎተራውን በእበት እየለቀለቅሁ ነበር። ሁለት ፖሊሶች መጡና «እማማ፣ ለጥያቄ ይፈለጋሉ» አሉኝ። እጄን እንኳ ሳልታጠብ ወሰዱኝ።

ነገሩ የዋዜማው የቀበሌ ስብሰባ ነው። ከከተማ የመጣ ሹም፣ መንግሥት ሳተላይት ሰማይ ሰቅሏል፣ ማሳችሁን ከላይ ሆኖ ያያል፣ ዝናቡንም ይነግራችኋል አለን። እኔ ተነሣሁና «ልጄ፣ መንገድ ዳር ያለውን ማሳችንን መጥታችሁ ያላያችሁ፣ ከሰማይ ሆናችሁ ልታዩት? ማዳበሪያው አልደረሰ፤ ጤና ጣቢያው መርፌ እንኳ የለው። በኛ ግብር ምን ሰማይ አስወጣችሁ?» አልሁት። ሰዉ ሳቀ። ከጎኔ የተቀመጠው ጎረቤቴማ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ያስቆጣቸው ሳቁ ነው መሰለኝ።

የታሰርሁባት ክፍል ጠባብ ናት። ጣራዋ ቆርቆሮ፣ ወለሏ ሽንት ሽንት የሚል ሲሚንቶ። አንዲት አስተማሪ ነበረች ከእኔ ጋር።

«እማማ፣ ሳተላይቱ እንኳ ክፉ አይደለም፤ ደመናውን ያያል» አለችኝ።

«ደመናውንማ እኔም አያለሁ» አልኋት። ነጠላዋን አነጠፈችልኝ።

ከቀትር በኋላ አስጠሩኝ። መርማሪው ልጅ እግር ነው። ወረቀት አነበበልኝ፤ አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ ይላል። እጄን አስታጠበኝና «ጣትዎን ያሳርፉና ወደ ቤትዎ» ብሎ ቀለሙን አቀረበ።

እኛ ፊደል ያልቆጠርን ሰዎች አንባቢውን ሳናስምል አንፈርምም። አባቴም በሬ ሲሸጥ እንዲያው ነበር።

«ማልልኝ» አልሁት።

«ምን ብዬ?»

«ካነበብሁት ሌላ የለበትም በል፤ በማርያም።»

እጁን ወደ ማተቡ ላከና መለሰው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወረቀቱ፣ ጎረቤቴ ልኮኝ ነው የተናገርሁት ይላል» አለኝ።

«ማንም አልላከኝም። አፉ የራሴ ነው።» አውራ ጣቴን መዳፌ ውስጥ ጨብጬ ተቀመጥሁ።

«እንግዲያው እዚሁ ያድራሉ።»

«ልደር።»

ሦስት ሌሊት አደርሁ። በአራተኛው ቀን እንዲሁ ይሂዱ አሉኝ።

አሁንም ሬዲዮው ስለ ሳተላይቱ ያወራል። ሌላም ሊሰቅሉ ነው አሉ። አምና ምራቴን ምጥ ሲይዛት ጤና ጣቢያው አልቻለም፤ እስከ አስፋልቱ በቃሬዛ ተሸክመን ነው ደብረ ማርቆስ የላክናት። ያንን ከላይ ያየልን የለም።

የተፈታሁ ለት ጎረቤቴ ሊጠይቀኝ መጣ። ወረቀቱ ምን ይል እንደነበር ነገርሁት። መሬት መሬት እያየ «እውነቱን ልንገርሽ እህቴ» አለኝ፤ «እኔን ይዘውኝ ቢሆን ኖሮ ባንቺ ላይ እፈርም ነበር።»