ጠብቆ ሲነበብ

«ኅዳግ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣላት ሠዓሊው ነው። አንድ ጊዜ ለሥዕል ትርዒት ፖስተር ስትሠራለት የሁሉም ሠዓሊዎች ስም ይግባ፣ የእኔም ፎቶ ይግባ፣ ከታች ደግሞ አንድ ግጥም ብትጨምሪበት እያለ ሲነዘንዛት፣ ቀና እንኳ ሳትል «ኅዳግ ተዉለት» አለችው። በሳምንቱ ሌላ ነገር ይዞ ሲመጣ ያንኑ ደገመችለት። ከዚያ ወዲያ በመዝገብ ስሟ የሚጠራት እናቷና የመሥሪያ ቤቷ መታወቂያ ብቻ ሆነው ቀሩ። ስሙም ልክ እንደ ተለካ ልብስ ሆነላት። ስብሰባ ላይ በር አጠገብ ነው የምትቀመጠው። አብረው የተነሡት ፎቶ ሁሉ ላይ ዳር ናት፤ አንድ ትከሻዋ ተቆርጦ።

ቀን ቀን የምትሠራው ሳሙና ፋብሪካ ነው። ክፍሏ ከማሸጊያው በላይ ስለሆነ ማሽኑ ሲነሣ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ ኮምፒውተሯ ላይም ነጭ ብናኝ ይቀመጣል። ሥራዋ ካርቶን ላይ አረፋ መሣል ነው። ለልብስ ሳሙና ትልልቅ አረፋ፣ ለገላ ሳሙና ትንንሽ አረፋ። አንድ ጊዜ የሽያጭ ኃላፊው አረፋው አልደመቀም ብሎ ሰባት ጊዜ አስደገማት። ሰባተኛው የመጀመሪያው መሆኑን አላወቀም፤ እሷም አልነገረችውም።

ከሥራ በኋላ የምትሄደው መጋዘኑ ጋ ነበር። ድሮ የዱቄት መጋዘን ነው፤ ግድግዳው ሲረጥብ እስከ መጨረሻው ሊጥ ሊጥ ይሸት ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሠዓሊዎች፣ ተዋንያንና ሌሎች የጥበብ ሰዎች በማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ ተጠልለውበታል። መድረኩ ዕቃ የሚደረደርበት የእንጨት ርብራብ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ሦስት መደርደሪያ፣ ማተሚያ ቤቱ ደግሞ ጥግ ላይ ያለ አንድ ጠረጴዛ ነው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ አታሚው ቀለሙን በጎማ መጥረጊያ እየሳበ ፖስተር ያትማል። ሰፈሩ ውስጥ ዛፍ አይቆረጥ ተብሎ የተለጠፈው የእሷ ነው። ከባቡሩ ድልድይ ሥር ባለው መተላለፊያ ሴቶች ሲዘረፉ «እዚህ ይጨልማል» ብሎ የተለጠፈውም የእሷ ነው፤ በዚያ ምክንያት ሦስት መብራት ተተክሏል። መብራቱ የተተከለ ቀን ምሰሶውን ይዛ አልቅሳ ነበር። ይህን የምታስታውሰው ሌላ ሰው እንደነገራት አድርጋ ነው።

ድንዛዜው መቼ እንደጀመራት አታውቅም። አባቷ የሞተ ቀን የሐዘን ማስታወቂያውን እሷ ነበረች ያዘጋጀችው። የአባቷን ስም አይታ ያሰበችው ሁለተኛውና ሦስተኛው ፊደል ተራራቁ ብላ ብቻ ነው። አቀራረበቻቸው። ለቀስተኛው ሁሉ «አይዞሽ» ሲላት «እሺ» ትላለች። ከዚያ ወዲህ እንደዚያው ነው። እግር ሲደነዝዝ ቆንጥጠው እንደሚሞክሩት አንዳንዴ ራሷን በሐሳብ ትቆነጥጣለች፤ ምንም የለም።

አንድ ልማድ ግን ነበራት። ማንኛውም ነገር ከመታተሙ በፊት እናቷ ጮክ ብላ ታነበዋለች። እናትየው ሠላሳ አንድ ዓመት የታች ክፍል አስተማሪ ነበረች። አሁን መስኮት ሥር ተቀምጣ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ የሰፈሩን ማስታወቂያ ሁሉ በቀይ እርሳስ ታርማለች። «ዓይን ይሸነገላል፣ ጆሮ ግን አይሸነገልም» የምትለው ነገር አላት። አንድ ጊዜ ኅዳግ ለትርዒቱ «ወደ ዋና አዳራሽ» ብላ አመልካች ስትሠራ፣ እናትየው «ዋና»ን አላልታ እንደ ውሃ ዋና አነበበችውና «ታዲያ ፎጣ ይዘው ይምጡ ብለሽ አትጽፊም?» አለቻት። የኛ ጽሕፈት ሲጠብቅና ሲላላ የሚለየው በአፍ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው። እናትየው ይህን ለሠላሳ አንድ ዓመት ልጆች ስታስተምር ኖራለች።

ካነበበች በኋላ ግን ሌላም ልማድ አላት። ወረቀቱን ጭኗ ላይ ታስቀምጥና የልጅዋን ፊት እያየች «ደስ ብሎሻል?» ትላታለች። ድሮ መልሱ ቀላል ነበር።

ባለፈው ዓመት ማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ ጻፈ። ቦታው ለመኪና ማቆሚያ ስለሚፈለግ የመጋዘኑ ተጠቃሚዎች ይለቃሉ፤ ከውሳኔው በፊት ግን አንድ የሕዝብ ስብሰባ ይደረጋል ይላል። ስለ ቦታው ከዚያ በፊት የጻፏቸው አራት ማመልከቻዎች መልስ አላገኙም። ሁሉም የተረዳው አንድ ነገር ነው፤ ያቺ ስብሰባ ካመለጠች መጋዘኑ አለቀለት። ሠዓሊው ቤት ለቤት ዞሮ የሁለት ሺህ ነዋሪ ፊርማ ሰበሰበ። እሱ በዕድሜ ከሁሉም ይበልጣል፤ ሲናገር እጁን ያወዛውዛል፣ ጋሼ ካልተባለ ይከፋዋል። የኅዳግ ድርሻ እንደ ሁልጊዜው ፖስተሩ ነበር።

ፖስተሩ ላይ ምን ይጻፍ የሚለው ጉንጭ አልፋ ክርክር ሦስት ሰዓት ፈጀ። ሠዓሊው «ማዘጋጃ ቤቱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል» ይባል አለ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ስድብ ይመስላል ብላ ተቃወመች። በመጨረሻ ሁሉም ሲደክመው «ማዘጋጃ ቤቱ አይሰማንም» በሚለው ተስማሙ። ኅዳግ በሩ አጠገብ ሆና ጻፈችው።

ቅዳሜ ጠዋት አታሚው ጋ ስትቀመጥ ዐረፍተ ነገሩ አልገባ አላት። ሁለት መስመር ሲሆን ፊደሉ ያንሳል፤ ከመንገድ ማዶ አይነበብም። «ማዘጋጃ ቤቱ» የሚለውን አጠፋችው። የቀሩት ስድስት ፊደሎች ወረቀቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞሉት፤ ከላይና ከታች ደግሞ ሰፊ ባዶ ቦታ ተረፈ። ቆንጆ ነበር። በዓመታት ውስጥ ከሠራችው ሁሉ ቆንጆው እሱ ነበር፤ ቆንጆ መሆኑን በዓይኗ ታውቀዋለች።

አታሚው ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። የመጀመሪያውን ቅጂ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ብዙ አየው።

«ማነው የማይሰማው?» አላት።

«ይታወቃል።»

«ለማን?»

ቅጂውን ከእጁ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። እሱም ትከሻውን ነቅንቆ ቀለሙን ሳበ። ለእናቷ ልታስነብብ አስባ ነበር፤ ለአንድ ቃል ምን ማስነበብ ያስፈልጋል ብላ ተወችው። እውነቱ ግን ያ አልነበረም። «ደስ ብሎሻል?» የምትለውን ጥያቄ መሸሿ ነበር።

ሁለት መቶ ቅጂ ታትሞ ከተማው ላይ ተለጠፈ። ስብሰባው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በራሱ በመጋዘኑ ተደረገ፤ የፕላስቲክ ወንበር ጎድሎ ሰው ቆሞ ነበር። ከማዘጋጃ ቤቱ የመጣው ሰብሳቢ ጉንፋን የያዘው፣ ደግ ፊት ያለው ሰው ነው። መሐረቡን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ከመድረኩ ጀርባ የተለጠፈውን ፖስተር ዞር ብሎ አየና አነበበው። «ሰ»ንም «ማ»ንም አጥብቆ፣ ጥርሱን ገጥሞ፣ ሰው ሲደነዝዝ እንደሚለው አድርጎ።

«አይሰማንም» አለ። «እንግዲህ እኔ ምን እላለሁ? ካልተሰማችሁማ ምን አጨቃጨቀን?»

አዳራሹ ሳቀ። የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ የመጋዘኑም ሰዎች ሳቁ፤ ሳቅ ወገን አይመርጥም። ሠዓሊው ከወንበሩ ተነሣ። ማጥበቅ የለበትም፣ ቃሉ ይላላል፣ የተጻፈው ስለ ማዘጋጃ ቤቱ ነው ብሎ ማስረዳት ጀመረ። ሰብሳቢው በትሕትና፣ ማዘጋጃ ቤት የሚል ቃል ፖስተሩ ላይ እንደማይታየው ነገረው። ሠዓሊው ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለ ሰዋስው ቀጠለ፤ እጁም መወዛወዝ ጀመረ። ይኼኔ ከኋላ አንድ ሰው «ጋሼ፣ አጥብቀው ይከራከሩ!» አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም አልሰማውም። የተሰጠው ዐሥር ደቂቃ ስለ መጥበቅና ስለ መላላት አለቀ። የሁለት ሺህ ሰው ፊርማ ያለበት ፋይል ብብቱ ውስጥ እንደተወሸቀ ሠዓሊው ተቀመጠ።

ኅዳግ በር አጠገብ ነበረች። ሁሉንም አየች። ፊቷ እንደሚሞቅ ጠበቀች፤ አልሞቀም። የበሩ ማጠፊያ ላይ ስንት ብሎን እንዳለ ቆጠረች። ስምንት ነበር፤ አንዱ ወልቋል።

በሁለተኛው ሳምንት መልሱ መጣ። በሠላሳ ቀን ይለቀቅ ይላል። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ይህ ከስብሰባው በፊት ያለቀ ነገር ነው፣ ፖስተሩ ምን አደረገ ብላ ተከራከረች። ሊሆን ይችላል። ሠዓሊው ግን ደብዳቤውን አጥፎ ኅዳግን አያት።

«አንድ ቃል ቆረጥሽ» አላት።

«አዎ።»

 ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ሲባል ሰምተሽ አታውቂም ወይ ብሎ ጠየቃት። ሰምታለች። እሱም ተናድዶ ሳይሆን ደክሞት ወጣ።

ፖስተሩ ግን አልሞተም። እንዲያውም ከዚያ በኋላ ነው የተወለደው። ከግድግዳ ላይ ሳይቀዳደድ እየተላጠ ይወሰድ ጀመር። ፀጉር አስተካካዩ መስታወቱ ላይ ለጠፈው። የተማሪዎች ማደሪያ በሮች ላይ ታየ፤ ቲሸርት ላይ ታተመ፤ በስልክ ከሰው ሰው ዞረ። ሁሉም ጠብቆ ነው የሚያነበው። ኅዳግ አውቶቡስ ስትጠብቅ ቲሸርቱን የለበሰች አንዲት ሴት አየች፤ ሁለት የገበያ ፌስታል ይዛ፣ ግንባሯን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አስደግፋ ቆማለች። አብራት ያለችው ደረቷ ላይ ያለውን አንብባ ምን ማለት ነው ብትላት፣ ልብስ እንደምትመርጥ ሰው ቀለል አድርጋ «እኔን ነው» አለቻት። ኅዳግ ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ አላለችም። አሥራ አንድ ዓመት ሠርታ እንደዚህ የተወደደላት ነገር የለም። የተወደደው ደግሞ ያላለችው ነው።

መጋዘኑ የተለቀቀ ቀን ዕቃውን በአንድ ጭነት መኪና አወጡት። አሥራ አንድ ዓመት አንድ መኪና አልሞላም። ሠዓሊው መደርደሪያ ተሸክሞ በአጠገቧ ሲያልፍ «ቀስ፣ ዳር ዳሩን» አላት፤ መታረቂያ ይሁን ትእዛዝ አልለየችውም። አታሚው የተረፈውን አንድ ፖስተር ጠቅልሎ ሰጣት። የሚጠይቀውን ቀድሞ ጠይቋል።

ቤት ስትደርስ እናቷ መስኮት ሥር ነበረች። ፖስተሩን ራሷ ተቀብላ ዘረጋችው፤ መነጽሯን አደረገች። ጮክ ብላ አነበበችው። ጠብቆ።

«ማዘጋጃ ቤቱ አይሰማንም ነበር የሚለው፣ እማዬ።»

«ማዘጋጃ ቤቱ የታለ?»

«ቆረጥኩት። አልገባ አለኝ።»

እናትየው ወረቀቱን ጭኗ ላይ አደረገች። ለምን እንዳላስነበበቻት ጠየቀቻት። ኅዳግ ቆማ ነበር፤ ቦርሳዋንም አላወረደችም። ስለ ጊዜ ማጠር ልትናገር አሰበችና ተወችው።

«ደስ ብሎሻል ወይ ትዪኛለሽ» አለች።

እናትየው ወረቀቱን ጭኗ ላይ አቃናችው። በታችኛው ፎቅ ሰው ዕቃ ያጥባል፤ የሳህን ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ከመስኮቱ ደፍ ላይ ቀዩን እርሳስ አንሥታ ዘረጋችላት።

ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚያሻማ ቃል ሲመጣ እንዲህ ነበር የምታደርገው። የሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ሁለት ነጥብ ይደረጋል፤ የሚላላው ባዶውን ይተዋል። ጠመኔውን የምትሰጠው ለጻፈው ልጅ ነው፤ ምን ለማለት እንደፈለገ የሚያውቀው እሱ ነዋ።

«እኔ አልፈርድብሽም» አለች። «የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ይጠብቃል ወይስ ይላላል?»

ኅዳግ እርሳሱን ይዛ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለች። ቦታ አልበቃ ብሎኝ ነው ማለት ትችል ነበር፤ እውነትም ነው። ሊጥ ሊጥ የሚሸተውን ግድግዳ አሰበች። መብራቱን አሰበች። የአባቷን ስም፣ ያቀራረበቻቸውን ሁለት ፊደሎች አሰበች። የ«ማ» አናት ላይ ሁለት ነጥብ አደረገችና እርሳሱን አስቀመጠች።

እናቷ ወደ ወረቀቱ ቀረብ ብላ በመነጽሯ ሥር አየችው።

«ሰ ላይም» አለቻት። «ሁለቱም ይጠብቃሉ።»

ኅዳግ እርሳሱን መልሳ አነሣች። «ሰ» ላይም ሁለት ነጥብ አደረገች። ሁለተኛው ነጥብ ከቦታው ትንሽ ወደ ቀኝ ወጣ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ታስተካክለው ነበር።

«ቦርሳሽን አውርጂ» አለቻት እናቷ።