ያልጻፍኳቸው ሦስት ቀናት

ማክሰኞ ነበር፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። አራት ዓመት ሆነው። ለእናቴ አልነገርኩም፤ ለፓስተሬ አልነገርኩም፤ በጸሎቴ እንኳ ዙሪያውን ስዞር ኖርኩ እንጂ አላወጣሁትም። ዛሬ ለእናንተ አወጣዋለሁ፦ እኔ አንድን ሰው በሐሰት አስፈርሜያለሁ። ያስፈረምኩትም አባቴ ሲሞት አጠገቤ ተቀምጦ ያለቀሰልኝን ሰው ነው።

ደቡብ አፍሪካ፣ ጀፕ በሚባል የንግድ ሰፈር፣ ከብርድ ልብስ ጅምላ ሱቆች በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ የሂሳብ ቢሮ ነው የምሠራው። የተማርኩትም አካውንቲንግ ነው። ወገኖቼ በአማርኛ ይነግሩኛል፤ እኔ የግብር ቅጻቸውን በእንግሊዝኛ እሞላለሁ። አብዛኞቹ የሚፈርሙት አንብበው ሳይሆን እኔን አምነው ነው።

ጋሽ ኤርጫፎ የአገሬ ሰው ናቸው። ቮስሎሩስ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ እዚህ ስፓዛ የሚሏት ትንሽ የመንደር ሱቅ አለቻቸው፤ በቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ነበሩ። ሱቁን ለወንድማቸው ትተው ከአንድ ዘመዳቸው ጋር በሽርክና ሊነግዱ ማፑቶ ሄዱ። በሄዱ በአምስተኛው ወር አባቴ አገር ቤት አረፈ። መርዶውን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች በማለዳ መጥተው ዱርንፎንቴን፣ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ አረዱኝ። በማግስቱ ጋሽ ኤርጫፎ በአውቶቡስ ድንበር አቋርጠው ደረሱ። ሦስት ቀን ፍራሽ ላይ አብረውኝ ተቀመጡ። እኔ ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም፤ ለቅሶ ለሚደርሰው ሁሉ ስለ አባቴ ያወሩልኝ እሳቸው ናቸው። ከዚያ ማፑቶ ተመለሱ፤ ዘጠኝ ወር ሠርተው ጠቅልለው መጡ።

ሕጉ እንዲህ ነው። እንደ እሳቸው ያለ የውጭ ዜጋ ከደቡብ አፍሪካ ወጥቶ ሦስት መቶ ሠላሳ ሙሉ ቀን ሳያቋርጥ ከቆየ፣ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ለግብር እንደ ነዋሪ አይቆጠርም፤ ውጭ ባገኘውም ትርፍ እዚህ አይጠየቅም። በመሃል ከገባ ግን ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። አምስት ወር ብቻውን አይሞላም፤ ዘጠኝ ወርም አይሞላም።

ቅጹን ስሞላ ራሳቸው ጠየቁኝ። «ለአባትሽ ለቅሶ የመጣሁትስ? እሱም ይቆጠራል እንዴ?»

አውቅ ነበር። ምን ብዬ ልንገራቸው? ለአባቴ ብለው መምጣትዎ ድካምዎን ሁሉ አበላሸብዎት ልበል? ይሉኝታ ያዘኝ።

«ኧረ፣ ለቅሶማ አይቆጠርም» አልኳቸው።

ሳቁ። «ለካ ይሄም መንግሥት ለቅሶ ያውቃል!»

በኋላ አለቃዬን ጠይቄ አስተካክላለሁ ብዬ ነበር። አልጠየቅኩም። ቅጹ ያለ ሦስቱ ቀናት ሄደ። እስከዚህ ድረስ ድክመት ነው ልትሉኝ ትችሉ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ምን ትሉታላችሁ?

ያን ማክሰኞ ከግብር መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። የጋሽ ኤርጫፎን የፓስፖርት ማኅተሞች አይተዋል። አለቃዬ አቶ ሳሙኤል ደብዳቤውን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አድርጎ ቆመ።

«ሰውዬሽ በመሃል ገብቶ ወጥቷል። ነግሮሽ ነበር?»

«አልነገሩኝም» አልኩ።

«እነዚህ ሽማግሌዎች! እሑድ ይሰብካሉ፣ ሰኞ ይደብቃሉ። በይ፣ መግባቴን ለቢሮው አልተናገርኩም የሚል ወረቀት ጻፊና ነገ አስፈርሚው። አለዚያ ጣጣው የእኛ ነው።»

ለምን ዋሸሁ? የሥራ ፈቃዴ የተሰጠው በዚህ ቢሮ ስም ነው። ከዚህ ከወጣሁ ወረቀት የለኝም፤ ወረቀት ከሌለኝ መድረሻ የለኝም። እውነት ነው። ግን ጥፋቴን ብናገር ኖሮ በእርግጥ ያባርረኝ ነበር? አላውቅም። እኔ ሞክሬ አላየሁትም። በሩ ይቆለፍ አይቆለፍ ሳልነካው ነው ተዘግቶብኛል ያልኩት።

ወረቀቱ ያመጣውን ልንገራችሁ። መሥሪያ ቤቱ ሆን ብለው እንደደበቁ ቆጥሮ ቀጣቸው። አቶ ሳሙኤል በየደንበኛው ፊት «እንደ ኤርጫፎ እንዳታደርጉ» እያለ መቀጣጫ አደረጋቸው። ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ፤ ነገሩ እስኪጣራ ተብለው ከሽማግሌነት ወረዱ። ማን ያጣራዋል? የሚያውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም ሦስተኛው ወንበር ላይ አንገቴን ደፍቼ እዘምር ነበር።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ይሄ አይደለም። የወረቀቱን ቃል በሰሙ ጊዜ እኔ ዘንድ መጥተው «የነገርኩሽ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ረስቼው ኖሯል። እርጅና ነው ልጄ፣ አስቸገርኩሽ» አሉኝ። ከገዛ ትውስታቸው አስበልጠው እኔን አመኑ። እኔስ? «ምንም አይደል ጋሼ» አልኳቸው። ስማቸውን ወሰድኩ፤ ትውስታቸውንም ጨምሬ ወሰድኩ። ዛሬም በየዓመቱ ቅጻቸውን የምሞላው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አያምኑም። ፊት ለፊቴ ይቀመጣሉ፤ እኔ እጽፋለሁ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ማለት የሚችሉት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ የበደላቸው ሰው እንዳለ አያውቁም። ዓይን አፋር ነኝ፣ ብቸኛ ነበርኩ፣ ወጣት ነበርኩ አልልም። ያደረግኩትን ብቻ እናገራለሁ።

የዚያ ማክሰኞ ማግስት፣ ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሊፈርሙ ከቮስሎሩስ በታክሲ መጡ። ደረጃው አድክሟቸው በሩ ላይ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና «ሳውቦና፣ ሲሲ!» ብለው በአገሬው ሰላምታ ቀለዱብኝ። ወረቀቱን አዘጋጅቼ ነበር፤ አንዲት የፊደል ስህተት የለበትም። መነጽራቸውን ሳያወጡ «ምን ይላል?» አሉ።

«ቀኖቹን ለማስተካከል ነው» አልኳቸው።

«አንቺ ካልሽ እሺ።»

የሚፈርሙበትን ቦታ በጣቴ አሳየኋቸው። ቀስ ብለው፣ ሙሉ ስማቸውን ጻፉ። ከዚያ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው «ጌታ ይባርክሽ ልጄ» አሉኝ።

እኔም «አሜን» አልኩ፤ ወረቀቱንም ወስጄ ላክሁት።