አፈር የማይወድ አበባ

አሶሳ ውስጥ የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት በሰፈራ ጊዜ ከወሎ የመጡ እናት ናቸው። ባለፈው ክረምት መግቢያ ከሆሞሻ ወረዳ ዘገባ ሠርቼ ስመለስ አፉ የተቆረጠ ጀሪካን ፊት ተቀምጠው አገኘኋቸው።

ጀሪካኑ ውስጥ ኦርኪድ የሚባለው፣ ዛፍ ላይ ተጣብቆ የሚያድገው አበባ ተተክሏል። እሳቸው «የማንጎው አበባ» ነው የሚሉት። ሟች ባለቤታቸው ከጫካ አምጥተው ግቢው ውስጥ ባለው ማንጎ ግንድ ላይ በገመድ ያሰሩት ነው፤ ሥሩን ቅርፊቱ ላይ ዘርግቶ ሲያብብ ኖሯል። ማንጎውን ምስጥ ጨርሶት ነፋስ ሲጥለው፣ እማማ አበባውን አንስተው ለማንጎ ችግኝ እንደሚያደርጉት ጥቁር አፈርና ፍግ ሞልተው ተከሉት፤ ጠዋትና ማታ አጠጡት። ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል። ሥሩን ብነካው እንደ ተቀቀለ ጎመን ጣቴ ላይ ቀረ።

«እማማ፣ ይሄ አፈር አይፈልግም» አልኳቸው።

«አፈር ሳይለብስ የሚበቅል ምን አለ፣ ልጄ?» አሉ። የተናገሩት ቃል ራሳቸውን የያዛቸው መሰለኝ። ጀሪካኑን እያዩ፣ «ባሌን አፈር አለበስኩት። እሱ ትቶልኝ የሄደውንም አለበስኩት ማለት ነው?» አሉ።

አንድ የችግኝ ጣቢያ ባለሙያ ጋ ደወልኩ፤ በሥራ ልማዴ የነገረኝን ከሌላ ሰው አጣራሁ። ሁለቱም ተስማሙ፤ ሥሩ አየር የሚያገኝበት፣ ውሃ ቶሎ የሚያሳልፍ ነገር ያስፈልገዋል። እማማ የወደቀውን ማንጎ ቅርፊት መረጡ፤ «የለመደው ቤቱ ነው» አሉ። ገልብጬ አሳየኋቸው፤ ምስጥ ይርመሰመስበታል። ቀርከሃ ይቆራረጥ አልን፤ እሱንም ምስጥ አይምረውም። የቀረው ከሰል ነበር።

«ከሰል? ልታነደው ነው እንዴ?»

«ምስጥ አይበላውም፣ እማማ።»

«እናንተ ጋዜጠኞች ነገ ደግሞ ‹ይቅርታ፣ ተሳስተን ነበር› ብላችሁ በሬዲዮ ታነባላችሁ።»

«ከተሳሳትኩ ማረሚያውን ለእርስዎ ብቻ አነባለሁ።»

አልሳቁም፤ ግን ከማድቤት ከሰል ይዘው መጡ። በአውራ ጣት ልክ ሰባብረን ብናኙ እስኪለቅ አጠብነው። ጀሪካኑን ከታችና ከጎን በሳሁት። የበሰበሰውን ሥር ቆርጠን ስንጥል የተረፈው አንድ ጉጥ መሳይ ግንድና ጥቂት ቅጠል ነበር። ከሰሉ መሀል አቁመን ሥር እስኪይዝ ድረስ እንዳይወዛወዝ በቀርከሃ ስንጣሪ ደገፍነው።

ከዚያ በኋላ ከሥራ በተመለስኩ ቁጥር ጥያቄያቸው «ጸደቀ?» ነበር። ያላየሁትን አልናገርምና «ገና ነው» እላለሁ። አንድ ቅጠል ሲረግፍ መጠየቃቸውን ተዉት።

ዝናቡ ሊያባራ ሲል አንድ ጠዋት በሬን አንኳኩ። «መነጽርህን አድርግና ና» አሉኝ። ከግንዱ ግርጌ ጫፉ አረንጓዴ የሆነ ነጭ ሥር ወጥቶ ከሰሉ ላይ ተለጥፏል። ቀስ ብዬ ግንዱን ነቅነቅ አደረግሁት፤ ከሰሉም አብሮ ተነቃነቀ።

«ጸድቋል» አልኳቸው።

«እንግዲያው እጅህን አንሳለት» አሉኝ።