ማሽን ሲዞር አቤት አይባልም

ባሌ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እናቱ ግን እስካሁን «ማሙሽ» ነው የሚሉት። ራሰ በራ፣ ጢሙ የሸበተ ማሙሽ! ስስቅ ከሰሙኝ «ምን ያስገለፍጥሻል?» ይሉኛል። ዓይናቸው ከጠፋ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ጆሮአቸው ግን ጉድ ነው።

ማሙሽ አናጢ ነው። የሚሠራው እዚሁ ቤታችን፣ ከእናቱ መኝታ ክፍል ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ነው። እንደሱ ፈሪ አናጢ አይቼ አላውቅም። እጅጌውን ሳይጠቀልል፣ መነጽሩን ሳያደርግ የጠረጴዛ መጋዙን አያስነሳም። ጓንት በዞረበት አይዞርም፤ «ጥርሱ ጓንቱን ከያዘ እጄን ጨምሮ ነው የሚጎትተው» ይላል። እንጨቱ ተመልሶ ቢወረወር እንዳያገኘው ከምላጩ ጎን ነው የሚቆመው። ምላጭ ሲቀይር ሶኬቱን ነቅሎ ገመዱን ዓይኑ ፊት ያስቀምጠዋል። ቀጭን ጣውላ ሲሰነጥቅ የሚገፋበት ዱላ አለው፣ ስሙን «አስራ አንደኛው ጣቴ» ብሎታል። «እናንተን የሚያበላችሁ ይሄ እጅ ነው» ይለናል። እውነቱን ነው፣ ሌላ ምን አለን?

አንድ ነገር ግን አልሆንልህ አለው። አቤት ማለትን መተው! እናቱ ሲያሳድጉት በመጀመሪያው ጥሪ አቤት ብሎ ፊቱን እንዲያዞር ነው። «ጀርባውን ሰጥቶ አቤት የሚል ልጅ አልወለድኩም» ይላሉ። ስለዚህ ከማሽኑ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ አምፖል ሰቀለ፤ ማብሪያውን እናቱ አልጋ አጠገብ አደረገው። ሲፈልጉት ይጫኑታል፤ እሱ ብርሃኑን ያያል፣ የጀመረውን ይጨርሳል፣ ማሽኑን ያጠፋል፣ ምላጩ ቀጥ እስኪል ጠብቆ ይመጣል።

«የወለድኩትን ልጅ በመብራት ልጥራ? አፍ የለኝም?» አሉና ማብሪያውን ሳይነኩት ቀሩ።

እኔ ሞኟ ሳቅሁ። ያ ሳቅ ዛሬ ይቆጨኛል።

የዚያን ቀን ጠዋት የቁም ሳጥን በር ጠርዝ እየሰነጠቀ ነበር። የምላጩ መከለያ ከተሰበረ ወር አልፎታል፤ «ሌላ እስኪገኝ አስራ አንደኛው ጣቴ ይበቃል» ብሎ ነበር። እኔ በር ላይ ልብስ አጥባለሁ።

«ማሙሽ!»

«አቤት እማዬ!»

ፊቱን ብቻ ነው ያዞረው። እጁ መግፋቱን አልተወም። ዱላው ተንሸራቶ ወደቀ፣ የቀኝ እጁ አራት ጣቶች ተከተሉት። እናቱ እንዳይሰሙ ጩኸቱን ዋጠው፤ የቀረውን የማሽኑ ድምፅ ሸፈነው።

ሐኪም ቤት ሊቀጥሉለት አልቻሉም። ገና ደሙ ሳይደርቅ እኔን አስማለኝ፦ «እማዬ እንዳትሰማ። ማሽኑ ተበላሽቷል በያት።»

እንዳለኝ አልኩ። ከሦስት ቀን በኋላ እናቱ ጠሩኝ። «ያን ጠዋት ለምን እንደጠራሁት እንኳ ሳልነግረው ቀረሁ። ልቤን ፍርሃት ፍርሃት ብሎት ነበር። ተጠንቀቅ ልለው ነው» አሉኝ። ወጥቼ አጥሩ ጥግ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ምን ይባላል ይሄ? ኧረ ምን ይባላል?

በየቀኑ «ምነው ማሽኑ ዝም አለ?» ይሉታል። «ተበላሽቷል እማዬ።» «ታዲያ አታሠራውም?» «አሠራዋለሁ።» ማሽኑ አንሶላ ለብሶ ተቀምጧል፤ ገዢ እንኳ አጣንለት።

ሁለት ወር ሙሉ ግራ እጁን እያስያዘ ፀሐይ ላይ አወጣቸው። አንድ ጠዋት የበሩ ደፍ ላይ እግራቸው ተደናቀፈ። ሊወድቁ ሲሉ በሁለት እጁ ያዛቸው። ጣቶቻቸው ቀኝ እጁን ዳሰሱ፣ ቆሙ፣ እንደገና ዳሰሱ።

«መቼ ነው?»

«ቆየ እማዬ።»

«አቤት ያልከኝ ቀን ነው?»

ማሙሽ ፊቱን ከእናቱ አዞረ። እናቱ ጠይቀውት ጀርባውን ሲሰጥ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት።

ከዚያ ወዲህ እናቱ ማንንም አይጠሩም። አምፖሉንም አያበሩም። ውሃ ሲጠማቸው ሰው እስኪመጣ ይጠብቃሉ፤ ከንፈራቸው ደርቆ ነው የማገኛቸው። እሱ ሥራ የለው፣ ቀኑን ሙሉ በራፋቸው ላይ በርጩማ ላይ ቁጭ ነው። አንዳንዴ ድንገት ቀና ይልና ፊቱን ያዞራል።

«አቤት እማዬ?»

«አልጠራሁህም» ይሉታል።