በብሎጌ አናት ላይ ያለው ፎቶ

ያን በጋ ዲላ ውስጥ ከቢሮ ስወጣ የምገባው ቤቴ ሳይሆን ብሎጌ ውስጥ ነበር። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ በስልኬ አረንጓዴን ከአረንጓዴ ሳማርጥ ሰፈሬን አልፌ የሄድኩበት ቀን አለ። አንድ መስመር ሳልጽፍ ወሩን ሙሉ ቀለም፣ የፊደል ዓይነትና የገጽ ቅርጽ ስቀያይር ከረምኩ። የሥራ ባልደረባዬ "ቤት ሳትሠሪ መጋረጃ ትገዣለሽ" እያለች ትስቅብኝ ነበር። እውነቷን ነው፤ ግን መጋረጃ መምረጥ እንዴት ደስ ይላል!

ብሎጉን ለማድረስ የምቸኩለው ለአባቴ ነበር። አባቴ ዱመርሶ በምትባል የገጠር ቀበሌያችን ቡና ያመርታል፤ ዓይኑን ግላኮማ ይዞታል። ሐኪሙ "የጠፋው አይመለስም" ብሎናል። ማሳውን ትቼ ከተማ መግባቴ እንደከበደው አውቃለሁ፤ አፍ አውጥቶ ግን አንድ ቀን አልተናገረኝም። ስለዚህ ዓይኑ ጨርሶ ሳይከደን ማሳውን ብሎጌ ላይ አስቀምጬ ላሳየው ፈለግሁ። ፊደሉንም ለእሱ ብዬ አተለቅሁት።

አንድ ቅዳሜ ለገጹ አናት የሚሆን ፎቶ ላነሳ ሄድኩ። እኛ ጋ ማሳ ጣሪያ አለው፤ ከላይ ዋንዛው፣ ከሥሩ ቡናው፣ በመሀል እንሰቱ። ውስጡ ስትቆም ቀኑ ቀን አይመስልም፤ ውሃ ውስጥ ሆኖ ወደ ላይ እንደማየት ነው። ስልኬ ግን ይሄን አልወደደውም፤ ሁሉንም ነገር አጥቁሮ አወጣው። አባቴ ለቅሶ ሄዶ ነበር። ቢላ አመጣሁና ሦስት ትልልቅ የእንሰት ቅጠሎች ቆረጥኩ።

ፀሐይ በክፍተቱ ገባች። አቧራው እንኳ ወርቅ ሆኖ ሲንሳፈፍ ቆሜ አየሁ፤ ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ከሥሩ አባቴ ያፈላቸው የቡና ችግኞች መኖራቸውን አላየሁም ብል ውሸት ነው። አይቻለሁ። ችግኝ ጥላ ካጣ እንደሚቃጠልም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ለጥቂት ቀን ምን ይሆናሉ አልኩ፤ ቅጠል እንደሆነ ያድጋል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስመለስ የችግኞቹ መደብ ባዶ ነበር። አባቴ ምንም አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ፎቶውን አናቱ ላይ ሰቅዬ፣ ከሥሩ "በአባቴ ማሳ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በእንሰቱ መሀል ሰተት ብላ ትገባለች" ብዬ ጻፍኩና "አትም" የሚለውን ተጫንኩ።

በሚቀጥለው እሑድ ከጸሎት መልስ ስልኩን ሰጠሁት። ወደ ፊቱ አስጠጋው፣ አራቀው፣ ወደ ጎን አዘነበለው።

"ነጭ ነገር ይታየኛል" አለኝ በጌዴኦኛ።

ዘግይቻለሁ። አንድ ወር ሙሉ አረንጓዴ ስመርጥ የአባቴ ዓይን አለቀ። ድምፄን ዋጥ አድርጌ አለቀስኩ።

"በይ አንብቢልኝ" አለ።

አማርኛ ማንበብ ቢችልም፣ እንደ ቤታችን ልማድ ወደ ቋንቋችን እየመለስኩ አነበብኩለት። ፀሐይዋ ጋ ስደርስ እጁን አነሳ።

"እዚያ ጋ ጠዋት ፀሐይ አትገባም። ማን አስገባት?"

ስልኩን ዝቅ አደረግሁ።

"እኔ ነኝ። ለፎቶው ብዬ ቅጠሎቹን ቆረጥኳቸው።"

"አውቃለሁ። የቢላውን ቁርጥ በእጄ ዳስሼዋለሁ። የተረፉትን ችግኞች ነቅዬ ጓሮ ተከልኳቸው።"

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"አንቺ እስክትነግሪኝ ነዋ የጠበቅሁት።"

ከእፍረቴ ብዛት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ፎቶውን ላጥፋው ስለው አይሆንም አለ። አጠገቡ ተቀምጬ ዓረፍተ ነገሩን ሰረዝኩና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ይህን ብርሃን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ከሥሩ የአባቴ ችግኞች ነበሩ፤ ተቃጠሉ።" አነበብኩለት። ራሱን ነቀነቀ፣ ግን ገና የቀረ ነገር እንዳለ ሁሉ ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ ያንቀሳቅሳል።

"ስንት እንደተቃጠሉም ጻፊ" አለኝ።

"ስንት ናቸው?"

"አሥራ አንድ።"

አንድ በአንድ እየዳሰሰ ቆጥሯቸዋል። አሥራ አንድ ብዬ ጻፍኩ።