ጋሼ ያላዩትን አይጽፉም ነበር

ጋሼ የምንላቸው የአባቴ ታላቅ ወንድም በቅርቡ ግራንድ ፕሬሪ ከተማ ባለው ቤታቸው አረፉ። በየመስከረሙ ቀስታቸውን ይዘው ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ለማደን ወደ ኮሎራዶ ይነዱ ነበር። ሲመለሱ፣ ሻንጣቸውን እንኳ ሳይፈቱ፣ የኮሎራዶ የዱር እንስሳት ቢሮ ከአዳኞች የሚሰበስበውን ፎርም ይሞላሉ፦ ስንት ኤልክ እንዳዩ፣ ስንት ተኩላ እንዳዩ።

አንድ ዓመት አብሬያቸው ሄድኩ። በስድስት ቀን አንድም ኤልክ አላየንም። የአደን ጓደኛቸው ተናደደ።

"ተኩላ ነው የጨረሳቸው! ሦስት አየሁ ብለው ይጻፉ፤ ያኔ ተኩላውም እንዲታደን ይፈቀዳል።"

"ዱካውን እንኳ አላየሁም" አሉት። "እኛ ከዋሸን ቢሮው በምን አውቆ እንስሳቱን ይጠብቃል?"

"ታዲያ ዝም ብለን ተኩላ እንቀልብ?"

"እሱም እኮ ለልጆቹ ነው የሚያድነው።"

ለሁለቱም ዜሮ ብለው ጻፉ። ጓደኛቸው ተቀየመ፤ ከዚያ ወዲያ አብሯቸው አልሄደም።

ለቅሶው ላይ ግን መጣ። አጠገቤ ተቀምጦ እንዲህ አለኝ፦

"ዘንድሮ አንድ ተኩላ አየሁ። አንድ ብዬ ጻፍኩ። ልነግራቸው ስደውል ስልኩን አንቺ አንስተሽ አረዳሽኝ።"